ሦስት ካርድ የነበራት ልጅ

ቁጡ ነኝ። ይህን ለመኩራራት አይደለም የምለው፤ ሆስፒታላችን ውስጥ ከዘበኛው እስከ ልብስ አጣቢዋ ሁሉም ያውቀዋል። «ሲስተር ዛሬ እንዴት አድራለች?» ሳይባባል ወደ እኛ ክፍል የሚዘልቅ አልነበረም። ቁጣዬ ግን እንደ ጅማ ዝናብ ነው፤ ዶፉን አውርዶ ያባራል፣ ቂም አልይዝም። የአእምሮ ሕክምና ነርስ ሆኜ በሠራሁባቸው ዓመታት ይሄ አፌ ብዙ ጊዜ አሳፍሮኛል። ከሁሉ የባሰውን ዛሬ የምጽፈው መጨረሻው ስላማረ ነው። ባያምር ኖሮ ይዤው መቃብር እወርድ ነበር እንጂ ለማንም አልተነፍሰውም።

ጊዜው ባጃጅ ከተማችንን ገና መውረር የጀመረበት ነው። ጥቅምት ውስጥ፣ አንድ ማክሰኞ ጠዋት፣ አንዲት ሴትዮ የአሥራ ስድስት ዓመት ልጅ ደግፈው ገቡ። ሴትየዋ እዚሁ ጅማ፣ መርካቶ ገበያ ጨርቅ ይሸጣሉ። ልጅቷ የሟች ወንድማቸው ልጅ ናት፤ ከሁለት ዓመት ወዲህ እሳቸው ጋ ሆና ትማራለች፣ ዘንድሮ የአሥረኛ ክፍል ተፈታኝ ናት። ሴትየዋን እኔም እንደ ሰፈራቸው ሰው «አዴ» አልኳቸው፤ በኦሮምኛ ታላቅ ሴት የምትከበርበት መጠሪያ ነው። ልጅቷ አግዳሚው ወንበር ላይ ከመቀመጧ አንገቷ ወደ ጎን ዘንበል አለና እንቅልፍ ወሰዳት።

«ይጥላታል» አሉ አዴ። «መንገድ ላይ ይጥላታል፣ ክፍል ውስጥ ይጥላታል። ምግብም ካልለመንኳት አትቀምስም። ጠበልም ሄደናል፣ ሼሁም ቁርአን ቀርተውላታል። ሲስተር፣ ይሄ የመጨረሻዬ ነው። ዘንድሮ ካልተሻላት ታላቅ ወንድሜ ኅዳር ላይ መጥቶ ጠቅልሎ ይወስዳታል። ትምህርቱም ይቅርባት፣ እዛው እኔ ቤት ትቀመጥ ብሏል። ከአጋሮ ወዲያ ነው አገሩ። እኔም አቃተኝ፣ ወላሂ አቃተኝ።»

እንግሊዝኛ አስተማሪዋ «ይቺ ልጅ ከፈተና በፊት ከትምህርት ብትወጣ ወንጀል ነው» ብለው የጻፉት ደብዳቤም ከአዴ ቦርሳ ወጣ። ስለዚህ ጉዳዩ ከመጀመሪያው ቀን ግልጽ ነበር። አንድ ወር አለን፤ ወይ ትሻላለች፣ ወይ ትሄዳለች።

የምትወስደውን መድኃኒት ጠየቅኩ። አዴ አንድ ፌስታል ጠረጴዛዬ ላይ ዘረገፉ። ትንንሽ የወረቀት ከረጢቶች ናቸው፣ በየከረጢቱ ላይ የታካሚው ስም ተጽፏል። የመጀመሪያው ላይ የልጅቷ ስም ከአንድ አባት ስም ጋር አለ። ሁለተኛው ላይ የእሷው ስም፣ ግን ሌላ አባት። ሦስተኛው ላይ ደግሞ ሦስተኛ አባት። ደሜ ፈላ።

«ይሄ የማነው?»

«የሷ።»

«ይሄኛውስ?»

«እሱም የሷ።»

«አዴ፣ እኔን ምን ያረጉኛል? መድኃኒት እንደ በርበሬ ከጎረቤት ይበደራሉ እንዴ? ሞክሼዎቿን ሁሉ እየዞራችሁ ነው የምትሰበስቡት? ልጅ ትገድላላችሁ'ኮ!» ኮሪደሩ ላይ ወረፋ የሚጠብቀው ሁሉ ፀጥ እስኪል ጮህኩባቸው። ምስኪን፣ ሻርፓቸውን አፋቸው ላይ አድርገው መሬት መሬት ያያሉ።

ያኔ ነው ልጅቷ ዓይኗን ሳትገልጥ የተናገረችው።

«ሦስቱም እኔ ነኝ።»

ክው አልኩ። ነገሩን አዴ እየተርበተበቱ አስረዱኝ። አባቷ የቡና አይሱዙ ተገልብጦ ሲሞት አምስት ዓመቷ ነበር፤ እናቷም ዓመት አልቆየችም። ታላቅ ወንድምየው ወሰዳትና ትምህርት ቤት በራሱ ስም አስመዘገባት፤ ልጆች «የሙት ልጅ» እንዳይሏት። አገሩ ሁሉ መረቀው። ጅማ ስትመጣ ደግሞ የአዴ ባል ቀርበው በእሳቸው ስም ትምህርት ቤት አስገቧት፤ አስተማሪ አባት ጥሩ ሲል የሚቆምላት ሰው እንዲኖር። ሆስፒታል አዴ ራሳቸው ሲያመጧት ግን የሟች ወንድማቸውን ስም ሰጡ፤ «እዚህ እንኳ ስሙ ይጠራ ብዬ» አሉኝ። አጎቷ ሲያመጣት በአጎቷ፣ ተማሪዎች ተሸክመው ሲያመጧት በትምህርት ቤት ስሟ። ሦስት አባት፣ ሦስት ካርድ። ማንም አልዋሸም። ይሄ እኛ አገር በየቤቱ የሚደረግ ነገር ነው፤ የእኔም የአክስት ልጅ በአባቴ ስም ነው የተማረው።

እንቅልፏ አሁን ገባኝ። የሚጥል በሽታ ክኒን ከአንዱ ክፍል፣ የእብደት ክኒን ከሌላው፣ በላዩ ላይ ደግሞ ማስታገሻ ከድንገተኛ፤ በቀን ሦስቴ በአንዲት ቀጭን ልጅ ሆድ ውስጥ። በሬም ቢሆን አይቆምም።

ካርድ ክፍል ወረድኩ። እዚያ የሚሠሩት አዛውንት ሦስቱን ቁጥር አይተው «የሦስት ሰው ነው» አሉኝ።

«የአንድ ሰው ነው።»

«ሲስተር፣ ጤናሽን ነሽ?»

«አልነበርኩም። ቶሎ ያውጡልኝ!»

ደረጃው ላይ ቆሜ አነበብኩት። የመጀመሪያው ካርድ፣ የውስጥ ደዌ፤ የሚጥል በሽታ፣ ፌኖባርቢታል። ሁለተኛው፣ ድንገተኛ፤ «ጠርሙስ ላይ ወድቃ» ይላል፣ ግራ ክንድ ተሰፍቷል። ከዓመት በኋላ ደግሞ፣ ጠርሙስ ላይ ወድቃ፣ ግራ ክንድ። ሰው ሁለቴ አንድ ቦታ ላይ አይወድቅም። ሦስተኛው የኛው ክፍል ነው፤ ክሎርፕሮማዚን፣ ያው የእብደቱ ክኒን። ከታች ያለው ጽሑፍ የኔ ነው። የኔው የተንጋደደ ፊደል፦ «አትናገርም። ታፈጣለች። አጎት ትሑት፣ ለልጅቷ አሳቢ፣ በሚገባ ይተባበራል።»

ልጅቷን ረስቻት ነበር፤ ሰውየው ግን ትዝ አለኝ። ግራጫ ኮት የለበሰ፣ ንግግሩ የተቆጠበ፣ ኮፍያውን አውልቆ የሚቀመጥ። እንደ እሱ ያለ አስታማሚ በወር አንዴ ቢመጣልኝ ምን አለበት ብዬ ነበር። ለልጅቷ ምን እንዳልኳትም ትዝ አለኝ፤ እሱን እመለስበታለሁ።

ዶክተራችን እንደ እኔ አይደሉም። ቤት ቢቃጠል ጫማቸውን አስረው ነው የሚወጡት። ሦስቱን ካርድ ጠረጴዛቸው ላይ ጎን ለጎን ዘርግተው አንድ በአንድ አዩና «እስቲ የመጣችበትን ወር አንብቢልኝ» አሉኝ።

«ታኅሣሥ። ኅዳር። ጥር። ኅዳር። ታኅሣሥ...» ድምፄ ቀነሰ።

«ጅማ አይደለም እንዴ ተወልደሽ ያደግሽው? ኅዳር ላይ ምን ይገባል?»

«ጀንፈል ነዋ!»

ቀይ ቡና ተለቅሞ፣ ከነገለፈቱ ደርቆ በጆንያ የሚገባበት ወር ነው። ያኔ ከተማው ሁሉ ያንን ይሸታል፤ የበሰበሰ ፍሬና ጆንያ። በየዓመቱ ኅዳር ላይ ልጅቷ ለለቀማው ወደ አጎቷ ትሄዳለች፣ ተመልሳ ስትመጣ ትታመማለች። በሦስት ክፍል የተከፋፈለ ካርድ ይሄን አያሳይም። እያንዳንዳችን የራሳችንን ቁራጭ ይዘን፣ እያንዳንዳችን ትክክል ነን ብለን ነበር የተቀመጥነው።

«አትቸኩዪ» አሉኝ ዶክተር፤ ፊቴን አይተው። «ወር በሽታ አይደለም። እሷ ትንገረን።»

አልነገረችንም። ሁለት ቀጠሮ ሙሉ ወለሉን አየች። ዶክተር ግን አንድም ነገር አላስገደዷትም። የእብደቱን ክኒን አቆሙ፤ እብድ አይደለችማ። የሚጥል በሽታውን ግን በአንዴ መቁረጥ አደገኛ ስለሆነ በየሳምንቱ ትንሽ ትንሽ ቀነሱላት። ሁለተኛው ቀጠሮ ላይ እኛው ክፍል ወድቃ ራሳቸው ቁጭ ብለው አይተዋታል፤ ዓይኗ እንዴት እንደሚጨፈን፣ አወዳደቋን፣ ስትነቃ ወዲያው ስሟን ማወቋን። «የጭንቅላት ኮረንቲ መነሳት፣ የሚጥል በሽታ፣ አይደለም» አሉኝ በኋላ፤ «አውቃም አይደለም የምትወድቀው። የምትሸሽበት ሲጠፋት ሰውነቷ ይዟት ይሸሻል።» ጫት እንደምትቅምም እሳቸው ናቸው የደረሱበት፤ ሌሊት እንቅልፍ እንዳይወስዳት። እንቅልፍ ትፈራለች። አዴ ሰሙና ጭንቅላታቸውን ያዙ፤ ጫቱን የምትገዛው ከእሳቸው ሱቅ ፊት ለፊት ነው።

ሦስተኛው ቀጠሮ ላይ ዶክተር አማርኛውን ተዉትና በኦሮምኛ «ኢንታላ ኮ» አሏት፤ ልጄ ማለት ነው። «ቤት ውስጥ ስትቆጪ በየትኛው ቋንቋ ነበር የምትቆጪው?»

ጥያቄው አስደነገጣት መሰለኝ፣ ቀና አለች። ከዚያ ተናገረች። እኔም የጅማ ልጅ ነኝ፣ ኦሮምኛው አያመልጠኝም፤ ያን ቀን ግን ባመለጠኝ ብዬ ነበር። አጎቷ ከስድስት ዓመቷ ጀምሮ ይገርፋት ነበር። ሲበቃው ጀንፈል መጋዘን ውስጥ ይቆልፍባታል። አንዳንዴ አንድ ቀን፣ አንዳንዴ ሁለት። ጆንያው እስከ ጣራው ይደረደራል፣ መስኮት የለውም። ስትወጣ ታጥባ፣ ልብስ ቀይራ ለእንግዳ እጅ እንድታስታጥብ ይጠራታል፤ እንግዳው «እንዲህ ያለ ሰው፣ የወንድሙን ልጅ እንደ ልጁ!» ይላል። ማታ ማታ እግሩ በሩ ላይ ሲቆም ትሰማለች፤ ይከፍት እንደሁ ወይም ቆልፎ ይሄድ እንደሁ አታውቅም። ለዚህ ነው እንቅልፍ የምትፈራው። ክንዷን የምትቆርጠው ደግሞ ሁሉም ነገር ሩቅ ሲሆንባት ነው፤ ሲያማት እዚህ መሆኗን ታውቃለች።

ይሄን ሁሉ ስትናገር አላለቀሰችም። ከጨረሰች በኋላ ወደ እኔ ዞራ በአማርኛ፣ በአክብሮት፣ «ሲስተር፣ እርስዎም ታዘዢው ብለውኛል» አለችኝ።

ብያታለሁ። ከሁለት ዓመት በፊት፣ ያ ግራጫ ኮት አጠገቧ ተቀምጦ፣ «እንዲህ ያለ አጎት ያላት ልጅ ምን ጎደላት? ተነሺ፣ ተናገሪ፣ እሺ በዪው፣ ታዘዢው!» ብያታለሁ። ጣቴን ፊቷ ላይ እያወዛወዝኩ። እሱ «ተዋት ሲስተር፣ ልጅ ናት» እያለ ይማልድላት ነበር። ከዚያ ይዟት ሄደ፤ የት እንደወሰዳት አሁን አወቅኩ።

ምድር ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። አንቺ ብላ፣ ጮኻ ብትሰድበኝ እንዴት በቀለለኝ! እኛ ዘንድ ነርስ ተነስታ ታካሚን፣ ያውም ልጅን፣ ይቅርታ አትጠይቅም። እኔ ተነሳሁ። «አጥፍቻለሁ። ሳላውቅ ነው ብዬ አላመልጥም፤ ማወቅ ሥራዬ ነበር። ይቅር በዪኝ» አልኳት። ዶክተር ወረቀታቸውን ማየት ጀመሩ። ልጅቷ ለመጀመሪያ ጊዜ ዓይን ዓይኔን አየችኝ። ይቅር አላለችኝም። «የሚቀጥለው ቀጠሮ መቼ ነው?» ነው ያለችው፤ እኔ ግን ያንን ሰምቼ ነፍሴ መለስ አለች። ትመጣለች ማለት ነው።

ዶክተር በኋላ ቁጭ አድርገው አስተማሩኝ። አንድ ክፉ ቀን የደረሰበት ሰው አለ፤ ለዓመታት፣ ያውም በሚያጎርሰው እጅ የተጎዳ ልጅ ግን ሌላ ነው አሉ። «ድባቴው አለ፣ ጭንቀቱ አለ፣ ጫቱ አለ፣ ቁስሉ አለ፣ መውደቁ አለ። አንዱን ብቻ ይዘሽ ስታክሚ ሌላው በጓሮ ዞሮ ይገባል። ሁሉንም አብረን ነው የምንይዘው፤ ከሁሉ በፊት ግን የምታድርበት ቤት ደህና መሆን አለበት። መልሰን እዚያ ከላክናት የምንሰጣት ክኒን ሁሉ ውኃ ነው።» ሦስቱ ካርድ አንድ ሆነ፤ ድባቴውን የሚያቀል አንድ መድኃኒት ብቻ ቀረላት።

ስንሰማው ለአክስቷ ለመንገር ፈቃዷን ጠይቀናት ነበር፣ «እርስዎ ይንገሯቸው፣ እኔ አልችልም» አለችኝ። ነገርኳቸው። አዴ ደረታቸውን መቱ። ከዚያ ድርቅ አሉ። «ወንድሜ? ወንድሜ እንዲህ አያደርግም። እኔንም ያሳደገኝ እሱ ነው» ብለው ልጅቷን ይዘው ሄዱ። በሚቀጥለው ቀጠሮ አልመጡም።

ኅዳር ሊገባ ቀናት ቀርተዋል። ታዲያ እኔ ቁጭ ብዬ እጠብቃለሁ? ነጭ ጋውኔን እንኳ ሳላወልቅ ባጃጅ ይዤ መርካቶ ወረድኩ። ጥቅልል ጨርቅ መሐል ተቀምጠው አገኘኋቸው፤ ገበያተኛ ቆሞ «ሜትሩ ስንት ነው?» ይላቸዋል፣ አይሰሙትም። መንገድ ሙሉ ያዘጋጀሁት ቁጣ ነበረኝ፤ ፊታቸውን ሳይ ጠፋብኝ።

«በየዓመቱ ልብሷን የማዘጋጅላት እኔ ነኝ» አሉኝ። «በገዛ እጄ አጣጥፌ፣ ስኳርና ሳሙና ጨምሬ። አልሄድም ስትል ‹የአጎትሽን ውለታ አትርሺ› ብዬ። ሲስተር፣ እኔ ነኝ'ኮ የላክኋት።»

ብጨቀጭቃቸው ኖሮ አይሰሙኝም ነበር። እኔም ያጠፋሁትን ነገርኳቸው፤ ጣቴን ፊቷ ላይ ያወዛወዝኩትን ጭምር። ሁለታችን እዚያ ጨርቅ ላይ ተቀምጠን ተላቀስን። ገበያተኛው «እናንተ ሰዎች፣ ሰው ሞተባችሁ እንዴ?» ብሎ ሄደ። ስንነሳ አዴ ዓይናቸውን ጠርገው «ሕክምናዋን አላቋርጥም፣ ነገ አመጣታለሁ» አሉ። «ግን ወንድሜ ሲመጣ በፊቱ ምን እላለሁ? ዕድሜዬን ሙሉ እምቢ ብዬው አላውቅም። ያ ረቢ፣ አንደበቴን ያስረዋል።» ያንን በእሳቸው ፋንታ ማንም ሊልላቸው አይችልም ነበር።

የቀረውን ጊዜ እንደ እብድ ሠራን። ጫቱን በየቀኑ ቀነሰች፤ ሦስት ቀን አለቀሰች፣ አራተኛው ቀን አዴ አጠገቧ ተኝተው ስድስት ሰዓት ሙሉ ተኛች። አዴ ጠዋት ሊነግሩኝ ሆስፒታል ድረስ እየሮጡ ነው የመጡት፤ «ተኛች! አልሐምዱሊላህ፣ አንኮራፋች!» እያሉ ኮሪደሩን አናጉት። እኔም እልል አልኩ። ዘበኛው ወንድ ልጅ የተወለደ መስሎት እንኳን ማርያም ማረቻት አለኝ።

ከዚያ መርካቶ ውስጥ የቡና መጋዘኖቹ ያሉበትን መንገድ መለማመድ ጀመርን። ወደ ቤቷ የሚያስገባው እሱ ነው፤ ብዙ ጊዜ የምትወድቀውም እዚያ ነው። መጀመሪያ ከመንገዱ ማዶ ቆምን። ከዚያ ቀረብን። ከዚያ በሩ አጠገብ። ሽታው ሲመጣባት የግራ እጇ ጣቶች አንድ በአንድ መታጠፍ ይጀምራሉ፤ ያኔ እግሯን መሬት ላይ እንድትጫን፣ የምታየውን ጮክ ብላ እንድትጠራልኝ ዶክተር አስተምረውናል።

«ምን ታያለሽ?»

«ጋሪ።»

«ሌላ?»

«አህያ። ጃንጥላ። የምትስቅ ሴትዮ።»

«ሌላ?»

«የእርስዎ ጫማ ላይ ጭቃ። ካልሲዎትም አንዱ ሌላ ነው።»

አየሁት፤ እውነቷን ነው፣ አንዱ ጥቁር አንዱ ሰማያዊ። ሳቀች። ሳቋን ሰምቼው አላውቅም ነበር። ደላላው ደግሞ በየቀኑ መጥተን ጀንፈል አሽትተን ሳንገዛ ስንሄድ ታክቶት «ሲስተር፣ ወይ ግዢ ወይ ቦታ ልቀቂ!» ብሎ ተቆጣኝ። እኔም አልማርኩትም። ያን ቀን ሳትወድቅ ቤቷ ገባች፤ በማግስቱም፣ ከዚያም በኋላ። ሁለት ቀን ወድቃለች፣ አልደብቅም። ግን በሳምንት አራቴ የነበረው ሁለት ብቻ ሆነ፤ እኔ ደስታዬ የት እንደሚያደርሰኝ አላውቅም ነበር።

አጎቷ ኅዳር በገባ በሳምንቱ መጣ። እሱን አንቱ አላልኩትም፣ አልለውምም፤ አንባቢ ይቅር ይበለኝ። ዶክተር አስቀድመው ለወረዳው የሴቶች ጉዳይ ጽሕፈት ቤት ጽፈው ነበር። አዴን ግን «ደብዳቤ በር አይዘጋም፤ ቤቱ የእርስዎ ነው። እርስዎ ካልቆሙላት ዛሬ ባይወስዳት ነገ ይወስዳታል» ብለዋቸዋል። ስለዚህ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ አምስታችን የዶክተር ጠባብ ክፍል ውስጥ ተቀመጥን። ያው ግራጫ ኮት። ኮፍያውን አወለቀ። እጁን ዘረጋልኝ፤ እጄን ጋውኔ ኪስ ውስጥ ከተትኩ።

«ደከማችሁላት፣ እግዜር ይስጥልኝ» አለ በለሰለሰ ድምፅ። «እንግዲህ ካልዳነች ምን ይደረጋል፣ ቤቷ ነው፣ ልውሰዳት። መኪና አቁሜያለሁ።»

ዶክተር ልጅቷ እዚሁ መቆየት እንዳለባት፣ ለምን እንደሆነም በግልጽ ነገሩት። ፊቱ አልተለወጠም። «የታመመ ልጅ የማይለው የለም፤ እናንተው አይደላችሁ እብድ ብላችሁ ክኒን የሰጣችኋት?» አለና እኔን አየኝ። የኔው ጽሑፍ፣ የኔው ክኒን። አፌን ልከፍት ስል ዶክተር በዓይናቸው ያዙኝ። «ይልቅ እሷን ጠይቋት። በሉ ትናገር» አለ፤ ዝም እንደምትል እርግጠኛ ነበር። ወይም እንደምትወድቅ።

የግራ እጇን አየሁ። ትንሿ ጣት ታጠፈች። ቀጥላ ያለችው ታጠፈች። አዴ ሻርፓቸውን ጨብጠው ወለሉን ያያሉ። ልጅቷ ሁለት እግሯን መሬት ላይ ጫነች፤ የፕላስቲክ ጫማዋ ሲጢጥ ሲል ሰማሁት። ክፍሉን ዞር ዞር ብላ አየች፤ መስኮቱን፣ የዶክተርን ብዕር፣ ካሌንደሩን፣ በሩን። በሩ ክፍት ነበር።

«አልሄድም» አለች።

ሰውየው ፈገግ አለ። «ምን አለች?»

«ሂን ዴሙ» አለች፤ አሁን በኦሮምኛ፣ አሁን ጮክ ብላ፣ ቀጥ ብላ እያየችው። አልሄድም ማለት ነው፤ ሁለተኛ ምን አለች ብሎ አልጠየቀም።

ብድግ ብሎ ክንዷን ሊይዝ እጁን ዘረጋ። እኔ ከመነሳቴ በፊት አዴ መሐላቸው ቆመዋል። ሰው ሲጮህባቸው ሻርፓቸውን አፋቸው ላይ የሚያደርጉት ሴትዮ! ከታላቅ ወንድማቸው በቁመት በግማሽ ያንሳሉ።

«ሰምተዋታል» አሉት። «ቤቷ የኔ ቤት ነው። ልብሷን እኔ ነኝ የማጥፍላት፤ ከእንግዲህ አላጥፍም። ይሂዱ።»

«አንቺ? እኔን?»

«ይሂዱ አልኩ!»

ዶክተርም ተነስተው፣ ድምፃቸውን ሳያነሱ፣ ወረዳው እንደሚጠራው፣ ትምህርት ቤቱም ጋ ቢታይ ለፖሊስ እንደሚነገር አስታወቁት። ኮፍያውን አደረገ። ሲወጣ ማንንም አልተሰናበተም። የመኪናው ሞተር ተነስቶ፣ በሆስፒታሉ በር ወጥቶ፣ ድምፁ እስኪጠፋ አራታችንም እንደ ቆምን ነበር።

አዴ አግዳሚው ወንበር ላይ ዘፍ አሉ። ከዚያ እንባቸው ዱብ ዱብ ማለት ጀመረ፣ ልጅቷን ወደ ደረታቸው ስበው ያዩዋታል፤ ክንዷን፣ ፊቷን፣ ጣቶቿን። ጣቶቿ ተዘርግተው ነበር። አልወደቀችም። «ኢንታላ ኮ፣ ምን ላድርግልሽ? ምን ይሻልሻል? ያመሻል? ውኃ ላምጣ? ትተኛለሽ?» እያሉ ይጠይቋታል። ዶክተርም ጎንበስ ብለው ይጠብቃሉ። እኔ ከባድ ነገር ትናገራለች ብዬ፣ ከሰማሁትም የባሰ እሰማለሁ ብዬ፣ ወገቤን ይዤ ቆሜያለሁ።

ትንሽ አሰበች።

«ርቦኛል» አለች።